የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ «መሐመድ ዓሊ» የትኛው ነው?

በዚህ እትም ከደሴና ከኮምቦልቻ ቤተ መጻሕፍት የደረሱንን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገናል። ሁሉም የሚነሡት ከኦቶሪቲ መዝገብ ነው፤ በተለይም በመዝገቡ ላይ ከሚጨመረው ማስታወሻ። ኦቶሪቲ መዝገብ የምንለው ካታሎጉ አንድን ደራሲ ሁልጊዜ በአንድ ቅርጽ እንዲጠራው፣ የቀሩት አጻጻፎችም ወደዚያው እንዲመሩ የሚያደርገውን መዝገብ ነው። የመስክ ቁጥሮቹ የማርክ 21 ናቸው፤ ማርክ 21 የካታሎግ መረጃ ቁጥር በተሰጣቸው መስኮች የሚጻፍበት ደንብ ነው። ንዑስ መስኮቹን እንደ አጠራራቸው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እያልን እንጽፋለን። የኅትመት ርዕስ የያዙ ምሳሌዎች ለማሳያ ብቻ የተዘጋጁ ናቸው።

ጥያቄ፦ በኮሃ (የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር) ካታሎጋችን «መሐመድ ዓሊ» የሚል አንድ መዝገብ አለ። የተያያዙበት ሥራዎች ግን የዶሮ እርባታ መመሪያ፣ የመንዙማ ስብስብ፣ የ10ኛ ክፍል ሒሳብ መለማመጃና ስለ መንገድ ሥራ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ናቸው። ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ በ667 (የሠራተኛ ማስታወሻ መስክ) ላይ «ጥንቃቄ፦ የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ» ብሎ ጽፏል። እሱ ላይ ማብራሪያ ልጨምርበት ወይስ ሰዎቹን ልለያያቸው? (የካታሎግ ሠራተኛ፣ ደሴ)

መልስ፦ ይለያዩዋቸው። የቤተሰብ መጠሪያ በሌለበት አገር፣ መሐመድ፣ ዓሊ፣ አሕመድ፣ ሰይድ፣ ሑሴንና ይማም የሚሉ ስሞች በየቤቱ እየተገጣጠሙ በሚወጡበት ወሎ፣ የስምና የአባት ስም መመሳሰል አንድነትን አያሳይም። የቀድሞው ሠራተኛ ማስታወሻ ችግሩን ጠቁሟል፤ ነገር ግን ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው የሚሠራበት ነገር አልሰጠውም። ማን ከማን ይለያል? በምን ታወቀ? የት ታየ? ማስታወሻው እነዚህን ሦስቱን ካልመለሰ የሚያነበው ሰው ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል።

ሥራውን ከመደርደሪያው ይጀምሩ። በመዝገቡ ላይ የተያያዙትን ሥራዎች ዝርዝር ያትሙና መጻሕፍቱን ራሳቸውን ያውጡ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ስም ቀድሞ የነበረ ካታሎገር ያስተካከለው ሊሆን ስለሚችል ማስረጃ አድርገው አይውሰዱት። ከእያንዳንዱ መጽሐፍ የርዕስ ገጹን፣ የጀርባ ሽፋኑን፣ የመግቢያውን መጨረሻ (ብዙ ጊዜ «ደሴ፣ ጥር 1998 ዓ.ም.» የሚል ቦታና ቀን ይገኝበታል) እና የምስጋና ገጹን ያንብቡ። መመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ የፈታኞች ማጽደቂያ ገጽ ወሳኝ ነው፤ የአያት ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈውን ስም ከነፊደል አጣጣሉ ይገልብጡ።

ከዚያ በየሰዉ ይቧድኗቸው። የአያት ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ የደራሲው ፎቶ፣ ወይም ደራሲው ራሱ «ከዚህ በፊት የጻፍኋቸው» ብሎ የዘረዘራቸው ሥራዎች ጠንካራ ማስረጃ ናቸው። የርእሰ ጉዳይ መቀራረብ ደካማ ማስረጃ ነው፤ አንድ የእንስሳት ሐኪም መንዙማ ሊጽፍ ይችላል። የሚለይም የሚያገናኝም ማስረጃ ያልተገኘለትን ሥራ በግምት አያገናኙት። ለብቻው መዝገብ ይክፈቱለትና በ008 መስክ (እያንዳንዱ ቦታ በአንድ ኮድ የሚሞላበት) ቦታ 33 ላይ ጊዜያዊ መሆኑን የሚያሳየውን ኮድ «ሲ» ይስጡት።

ለእያንዳንዱ ሰው በሚከፍቱት አዲስ መዝገብ ላይ ስሙን የሚለይ ነገር ይጨምራሉ። መጀመሪያ የሚፈለገው የትውልድ ወይም የሞት ዓመት ነው፤ ከታጣ የአያት ስም የሚጨምር ሙሉ የስም ቅርጽ፣ እሱም ከታጣ ሙያ ይወሰዳል፦

100 ኤ መሐመድ ዓሊ፣ ዲ 1959 ወይም 1960-
100 ኤ መሐመድ ዓሊ ኪው (መሐመድ ዓሊ ይማም)
100 ኤ መሐመድ ዓሊ ሲ (የመንዙማ ገጣሚ)

የመጀመሪያው አመልካች (ከመስክ ቁጥሩ ቀጥሎ የሚገባው አኃዝ) 0 ይሁን፤ 0 በራስ ስም የሚገባ ስም ማለት ነው። 1 ካደረጉት የአባት ስም እንደ ቤተሰብ መጠሪያ ይቆጠርና አንዳንዱ ሥርዓት ስሙን ገልብጦ «ዓሊ፣ መሐመድ» ያደርገዋል። «ዶክተር» እና «ኢንጂነር» ለመለያነት ደካሞች ናቸው። ዛሬ አቶ የሆነው ከሁለት ዓመት በኋላ ዶክተር ሊባል ይችላል፤ በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ዶክተር መሐመድ ዓሊ መኖሩም የሚያስገርም አይደለም።

አሁን ወደ ማስታወሻዎቹ እንምጣ። 670 የማስረጃ መስክ ነው። በንዑስ መስክ ኤ ምንጩንና ዓመቱን፣ በቢ ደግሞ ከምንጩ የትኛው ገጽ ላይ ምን እንደተገኘ ይጽፋሉ። ቦታው ይቀድማል፤ የተገኘው ነገር በቅንፍ ይከተላል፦

670 ኤ የዶሮ እርባታ መመሪያ፣ 1998 ዓ.ም.፦ ቢ የርዕስ ገጽ (መሐመድ ዓሊ) የጀርባ ሽፋን (በ1952 ዓ.ም. ተወለደ፤ የእንስሳት ሐኪም፤ ደሴ)

ለአንድ ምንጭ አንድ 670 ይበቃዋል፤ መስኩ ይደጋገማል። የመጀመሪያው ሁልጊዜ መዝገቡን እንዲከፍቱ ምክንያት የሆነዎት ሥራ ይሁን። ምንጩ ድረ ገጽ ከሆነ ያዩበትን ቀን ይጨምሩ፤ አድራሻውን በንዑስ መስክ ዩ ያስገቡ፤ ዋናውን ቃል ግን በቢ ይገልብጡት። አድራሻ ይሞታል፤ የተገለበጠው ቃል ይቀራል። ፈልገው ያላገኙበትን ምንጭ በ675 ይመዝግቡ። ይህ መስክ አይደጋገምም፤ በውስጡ ያለው ንዑስ መስክ ኤ ግን ይደጋገማል። ብዙዎች ይንቁታል፤ እኛ ግን ቀጣዩ ሰው ያንኑ መዝገበ ሰብ ዳግም እንዳያገላብጥ ስለሚያድን እንወደዋለን።

667 ለባልደረባ የሚጻፍ ነው፤ የሚከተለውን ይመስላል፦

667 ኤ ከመሐመድ ዓሊ (የመንዙማ ገጣሚ)፣ መዝገብ ቁጥር 1847፣ የተለየ ሰው ነው። የተለየው በአያት ስምና በትውልድ ዓመት ነው።

ይህን በሁለቱም መዝገቦች ላይ ይጻፉ። በአንዱ ብቻ ከተጻፈ በሌላው በኩል የገባ ሰው አያየውም።

የመጨረሻው ነገር አሮጌው መዝገብ ነው። ሌሎቹን አውጥተው አንድ ሰው ብቻ ሲቀር መዝገቡን ለእሱ መተው ቀላል ይመስላል። አይተዉት። ያ ቁጥር ለዓመታት የአራት ሰዎች ቁጥር ሆኖ ቆይቷል፤ ከውጭ የተያያዘበት ሥርዓት ካለ አሁንም አራቱንም በእሱ ስር ያያል። ለመጨረሻውም ሰው አዲስ መዝገብ ይክፈቱ፤ በ667 «ቀድሞ ሰዎቹን በማይለይ መዝገብ ውስጥ የነበረ፣ ቁጥር እገሌ» ይበሉ፤ ከዚያ አሮጌውን ይሰርዙ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና ተባባሪዎቹም የሚሠሩት እንዲህ ነው። በ008 ቦታ 32 (ቁጥሩ ከ0 ይጀምራል) የማይለየው መዝገብ ኮድ «ቢ» ነው፤ አዲሶቹ ሁሉ «ኤ» መሆናቸውን ይፈትሹ።

በኮሃ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መያያዣው ነው። በካታሎግ መዝገቡ 100 (ዋና ደራሲ) ወይም 700 (ተጨማሪ ደራሲ) ላይ ስሙን በእጅ አርመው ካስቀመጡ፣ ንዑስ መስክ 9 ውስጥ ያለው ቁጥር የአሮጌው መዝገብ እንደሆነ ይቀራል። አሮጌው መዝገብ በተነካ ጊዜ ኮሃ ያረሙትን ስም በቀድሞው ይተካዋል። ስለዚህ መስኩን አጽድተው በኦቶሪቲ መፈለጊያው በኩል አዲሱን መዝገብ ይምረጡ፤ የንዑስ መስክ 9 ቁጥር መለወጡን በዓይንዎ ይዩ። አሮጌውን የሚሰርዙት የተያያዘበት ሥራ 0 ሲሆን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ደራሲው «በ1952 ተወለድኩ» ይላል። በመዝገቡ ላይ 1952 ብዬ ጻፍኩ፤ ባልደረባዬ ደግሞ 1960 ብሎ አረመው። ማን ልክ ነው? (ሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

መልስ፦ እንደ መስኩ ይለያያል። በ670 የሚጻፈው መጽሐፉ ያለው ቃል ነው፤ «በ1952 ዓ.ም.» ካለ እንዲሁ ይገለበጣል። ዘመኑ ካልተጠቀሰም «ዘመኑ አልተገለጸም» ብለው ያክሉበት፤ በውጭ አገር የታተመ ከሆነ እ.ኤ.አ. ሊሆን ስለሚችል ይህች ቃል ትልቅ ስሕተት ታስቀራለች።

በ100 ንዑስ መስክ ዲ እና በ046 (ዓመታት በኮድ የሚገቡበት መስክ) የሚገባው ግን የጎርጎርዮስ ዘመን ነው፤ እዚህ ላይ 1960 ብቻ ማለትም ልክ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. መስከረም 1 የዋለው በ1959 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ የተወለደ ሰው 7 ይደመርለታል፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን የተወለደ 8 ይደመርለታል። (አዲሱ ዓመት በሴፕቴምበር 12 በሚገባበት ዓመት ድንበሩ ታኅሣሥ 21 ይሆናል።) ወሩ ካልታወቀ «1959 ወይም 1960» ይባላል፤ በ046 ንዑስ መስክ ኤፍ [1959,1960] ተብሎ በንዑስ መስክ 2 «ኢዲቲኤፍ» (የቀን አጻጻፍ ደንቡ ስም) ይታከልበታል። ወሩ ሲገኝ አንዱን ይምረጡ፤ በ670 ወሩን ያገኙበትን ምንጭ ይጨምሩ።

የሂጅራ ዓመት ያለባቸው የወሎ ዓሊሞች ጽሑፎች የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በቋሚ ቁጥር ደምሮ መለወጥ አይቻልም። ለምሳሌ 1300 ዓ.ሂ. የጀመረው በኖቬምበር 1882 ሆኖ ያለቀው በኖቬምበር 1883 መጀመሪያ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከ1875 ገብቶ 1876ን ይነካል። በ670 የሂጅራውን ዓመት ከነስሙ ይተዉት፤ ሁለቱንም የጎርጎርዮስ ዓመት በ046 ያስገቡ።

ጥያቄ፦ ስለ ወሎ ታሪክ የተጻፉ ሥራዎችን እያደራጀን ነው። ንጉሥ ሚካኤል በአንዳንዱ መጽሐፍ «ኢማም መሐመድ ዓሊ»፣ በአንዳንዱ «ራስ ሚካኤል» ናቸው። ሁለት መዝገብ ያስፈልጋቸዋል? ሲፈለጉ ከሌሎቹ መሐመድ ዓሊዎች ጋር እየተቀላቀሉ አስቸግረውናል። (የባህል መጻሕፍት ክፍል፣ ደሴ)

መልስ፦ አንድ ሰው ስለሆኑ አንድ መዝገብ ይበቃቸዋል። ሰው ስሙን ወይም ማዕረጉን ስለቀየረ መዝገቡ አይከፈልም፤ በብዛት የሚታወቁበት ስም 100 ላይ ይገባል፤ የቀሩት በ400 ይመጣሉ፦

100 ኤ ሚካኤል፣ ሲ የወሎ ንጉሥ፣ ዲ -1918
400 ኤ መሐመድ ዓሊ፣ ሲ ኢማም፣ ዲ -1918
400 ኤ ሚካኤል፣ ሲ ራስ፣ ዲ -1918

ከ400ዎቹ አንዳቸውም ባዶ ስም አለመሆናቸውን ልብ ይበሉ። 400 ላይ ያለ ቅርጽ በሌላ መዝገብ 100 ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን የለበትም። «መሐመድ ዓሊ» ብቻ ብለው ከተዉት የዶሮ እርባታ መጽሐፍ ፈላጊ ወደ ንጉሡ ይመራል። መቀላቀሉ የመጣው ምናልባት ከዚሁ ነው። ማዕረጉና የሞት ዓመቱ ይለዩታል።

«ራስ ሚካኤል» ሌላም ጣጣ አለበት፦ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት የትግራዩ ራስ ሚካኤል ስሑልም ራስ ሚካኤል ናቸው። ስለ ዘመነ መሳፍንት የሚያወሳ መጽሐፍ «ራስ ሚካኤል» ሲል የሚናገረው ስለ ስሑል ነው። እዚህ ላይ 667 ይግባ፦ «ከራስ ሚካኤል ስሑል የተለዩ ናቸው። ርእሱ ስለ ዘመነ መሳፍንት ከሆነ ስሑልን ይመልከቱ።» በስሑል መዝገብ ላይም ተቃራኒውን ይጻፉ። የዘመን ፍንጭ መስጠት «የተለዩ ናቸው» ብሎ ከማለፍ ይሻላል፤ ካታሎገሩ መጽሐፉን እንደያዘ መወሰን ይችላልና።

ለአንባቢ የሚታየው ማስታወሻ 678 ነው፤ ስለ ሰው ሲሆን የመጀመሪያ አመልካቹ 0 ነው። እዚህ ቁርጥራጭ ቃል አይበቃም፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦

678 ኤ ንጉሥ ሚካኤል፣ ቀደም ሲል ኢማም መሐመድ ዓሊ፣ የወሎ ገዥ የነበሩ ናቸው። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ። በ1906 ዓ.ም. ነገሡ፤ በ1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ተማረኩ፤ በ1910 ዓ.ም. ዐረፉ። የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው።

«ታላቁ»፣ «ጀግናው» የሚሉ ቃላት እዚህ አይግቡ። ሃይማኖት የለወጡበትንም ሁኔታ መጽሐፉ በፈረደበት መንገድ አይድገሙ፤ ጉባኤውንና ዓመቱን መጥቀስ ለመለየት ይበቃል። 680ን ብዙ ሰው ለዚህ ሲጠቀም አይተናል፤ እሱ በዋናነት አንድ ርእስ ምን ምን እንደሚያጠቃልል ለመግለጽ ነው፤ ለሕይወት ታሪክ 678 ይሻላል።

የፈረስ ስሞችም በ400 ይገባሉ። አጼ ምኒልክን በአባ ዳኘው፣ አጼ ቴዎድሮስን በአባ ታጠቅ የሚፈልግ ተማሪ አለ።

ጥያቄ፦ ሞክሼ ፊደላትን በሙሉ በ400 መዘርዘር አለብን? (ደሴ)

መልስ፦ የለባችሁም፤ አትዘልቁትምም። «ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ብቻ ውሰዱ። ፀ ሁለት፣ ሐ ሦስት፣ ኃ ሦስት፣ ሥ ሁለት፣ ሴ ሁለት የፊደል ቤት አላቸው፤ ሲባዛ 72 አጻጻፍ ይሆናል። በኅትመት ላይ በእርግጥ ያያችሁትን ብቻ አስገቡ፤ እያንዳንዱም የሚመሰክርለት 670 ይኑረው። የስሙ የመጀመሪያ ፊደል የሚለያይ ከሆነ ግን (ዓለማየሁና አለማየሁ፣ ኃይሌና ሀይሌ) ባታዩትም አስገቡት፤ በፊደል ተራ የሚፈልግ አንባቢ ሌላ ገጽ ላይ ይወድቃልና።

የቀረውን የፍለጋ ማውጫው ይሥራው። በኮሃ የዜብራ ማውጫ (ፍለጋውን የሚሠራው ክፍል) በአይሲዩ (ፊደላትን የሚያስተካክል የሶፍትዌር ስብስብ) ከተዋቀረ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ደንብ ማስገባት ይቻላል። ሣልሱን፣ ኃምሱን፣ ሁሉንም ሆሄ ለየብቻ መጻፍ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከተረሳ ያ ሆሄ ብቻ አይገኝም። ደንቡ ከገባ በኋላ ማውጫው በሙሉ እንደ አዲስ ይገንባ።

ከዐረብኛ የመጡ ስሞች ሌላ ጉዳይ ናቸው። የወሎው ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር በጦልሃ፣ በጦልሐ፣ በጠልሃ ተጽፈው ይገኛሉ፤ ጦንና ጠን የሚያስተካክል ደንብ የለም። እዚያ ላይ 400 አትቆጥቡ፤ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈውንም ቅርጽ ጨምሩ።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች አንዳንዶቹ በ«ወሎ ዩኒቨርሲቲ»፣ አንዳንዶቹ በ«ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት» ስም ገብተዋል። ኮምቦልቻ የሚለው ቦታም ከሌላ ኮምቦልቻ ጋር ተቀላቅሏል። (ኮምቦልቻ)

መልስ፦ ኢንስቲትዩቱ የዩኒቨርሲቲው አካል ነው። ነገር ግን ስሙ የቦታ መጠሪያ ስላለው ለብቻው ሊቆም ይችላል። በ110 (የተቋም ስም መስክ) በራሱ ስም ያስገቡት፤ «ወሎ ዩኒቨርሲቲ። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት» የሚለውን በ410፣ ዩኒቨርሲቲውን በ510 (ተዛማጅ ስም) ያድርጉ። «የሕግ ትምህርት ቤት» ብቻ የሚል ስም ቢሆን ኖሮ የትኛው እንደሆነ ስለማይታወቅ ከዩኒቨርሲቲው ስም በታች ይገባ ነበር። በ667 ውሳኔውን ይጻፉ፦ «የመመረቂያ ጽሑፎች በዚህ ስም ይግቡ።» ያለዚህ ማስታወሻ ቀጣዩ ሠራተኛ በራሱ ግምት ይሠራና ዝርዝሩ እንደገና ለሁለት ይከፈላል።

ቦታውን በተመለከተ፣ በምሥራቅ ሐረርጌም ኮምቦልቻ አለ። ስለዚህ «ኮምቦልቻ (ደቡብ ወሎ)» እና «ኮምቦልቻ (ምሥራቅ ሐረርጌ)» ብለው ይለዩ፤ ቅንፉ በሁለቱም ላይ ይሁን። «የእኛው ነው የሚታወቀው» ብሎ አንዱን ባዶ መተው ከሐረርጌ ለሚመጣ መዝገብ አይሠራም። የአስተዳደር ስም ሲለወጥ ደግሞ ከሰው የተለየ ሕግ ነው ያለው፦ የወሎ ጠቅላይ ግዛትና በደርግ ዘመን የመጣው የወሎ ክፍለ ሀገር እያንዳንዳቸው የራሳቸው መዝገብ ይኖራቸዋል፤ በማያያዣው መስክ ንዑስ መስክ ደብልዩ «ኤ» የቀድሞውን ስም፣ «ቢ» የኋላውን ያመለክታል።

ጥያቄ፦ አንዲት ደራሲ መጥተው የትውልድ ዓመታቸው ከካታሎጉ እንዲወጣ ጠየቁን። በመጽሐፋቸው ላይ ግን ታትሟል። ምን እናድርግ? (ደሴ)

መልስ፦ ያውጡላቸው። የካታሎግ ዓላማ ሰውን ከሰው መለየት ነው፤ ሌላ መለያ እስካለ ድረስ ዓመቱ ግዴታ አይደለም። መለያውን በአያት ስም ወይም በሙያ ይተኩ፤ ከዚያ ዓመቱን ከ100 ዲ፣ ከ046፣ ከ678 እና በ670 ቢ ውስጥ ከተገለበጠው ያጥፉ። ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ይረሳል። በ667 «ዓመቱ በደራሲዋ ጥያቄ ወጥቷል፤ አይመለስ» ብለው ቀኑን ይጻፉ፤ ዓመቱን ራሱን ግን እዚያ አይድገሙት።

667 ለሠራተኛ ብቻ ነው ቢባልም ሶፍትዌሩ እንዲደብቀው ካልታዘዘ አንባቢ ሊያየው ይችላል። በአንባቢው ገጽ የኦቶሪቲ መዝገቡን ከፍተው ይፈትሹ፤ ከታየ በመስኩ አወቃቀር ላይ እንዲደበቅ ያድርጉ። ከሁሉም በላይ ግን በ667 ሰው ቢያነበው የሚጎዳ ነገር አይጻፉ። የስልክ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፣ ብሔርና የጤና ሁኔታ በየትኛውም መስክ ቦታ የላቸውም። ደራሲው በስልክ የሰጡትን መረጃ በ670 «ከደራሲው ጋር የተደረገ የስልክ ንግግር» ብለው ከነቀኑ ይመዝግቡ፤ ቁጥሩን ይተዉት። የብዕር ስምም እንዲሁ ነው፦ ደራሲው በአደባባይ ካልገለጠው ሁለቱን ስሞች በ500 አያገናኙ።

ጥያቄ፦ በኮሃ ሁለት የአንድ ሰው መዝገቦችን አዋሕደን ስናበቃ የአንደኛው ማስታወሻዎች ጠፉ፤ በአንዳንድ መጻሕፍት ላይ ደግሞ አሮጌው ስም እንደነበረ አለ። (ኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሲዋሐድ አንዱ መዝገብ ዋና ሆኖ ይመረጣል፤ ከሌላው የሚሻገሩት መስኮች ምልክት ያደረጋችሁባቸው ብቻ ናቸው። ሁሉንም 670 እና 400 ምልክት አድርጉባቸው፤ የተሰረዘውን መዝገብ ቁጥር በ667 አኑሩ። የጠፋውን ከመጠባበቂያ ቅጂ አውጥታችሁ መልሱ።

ያልተለወጡት መጻሕፍት ምክንያታቸው ሌላ ነው። ኮሃ ለውጡን ወዲያው የሚያስተላልፈው የተያያዙት የካታሎግ መዝገቦች ከተወሰነ ጣሪያ ካልበለጡ ነው፤ ጣሪያው ካልነካችሁት 50 ነው። ከዚያ ከበለጠ ሥራው ወረፋ ይይዝና በአገልጋዩ ላይ በተወሰነለት ሰዓት የሚነሣ ፕሮግራም ይጨርሰዋል። ብዙ ቦታ ያ ሰዓት ሌሊት ነው፤ አገልጋዩ ማታ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ሥራው መቼም አይጀመርም። ሰዓቱን መብራትና ሠራተኛ ባለበት ጊዜ፣ ለምሳሌ የምሳ ሰዓት ላይ፣ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር የለንም፤ በካርድ ነው የምንሠራው። ማስታወሻ የት እንጻፍ? (የንባብ ቤት፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ በ7.5 በ12.5 ሴንቲ ሜትር ካርድ ላይ ለእያንዳንዱ ደራሲ አንድ ካርድ ይክፈቱ፤ ከመጻሕፍቱ ካርዶች በተለየ መሳቢያ ይቀመጥ። ከላይ የተመረጠው ስም ከነመለያው ይጻፍ፤ ከሥሩ ሌሎቹ አጻጻፎች ይዘርዘሩ። ለእያንዳንዱ ሌላ አጻጻፍ በአንባቢው መሳቢያ ውስጥ «እገሌን ይመልከቱ» የሚል ካርድ ያስገቡ። «ከእገሌ የተለየ ነው» የሚለው ከፊት በቀይ ይሁን፤ መሳቢያውን የሚያገላብጥ ሰው ካርዱን ሳያወጣ እንዲያየው። ማስረጃው ከጀርባ በእርሳስ ይጻፋል፤ የሕይወት መረጃ ስለሚታረም ብዕር ካርዱን ያበላሸዋል። የታችኛውን ጠርዝ ለዘንጉ ቀዳዳ ባዶ ይተዉ። ከጀርባው ለእያንዳንዱ ምንጭ አዲስ መስመር ይጀምሩ፤ ርዕስ፣ ዓመት፣ ገጽ፣ በቅንፍ የተገኘው። ካርዱ ወደ ኮሃ የሚገባበት ቀን ሲመጣ አንዱ መስመር ሳይነካ አንድ 670 ይሆናል።